ከግሬቲንጉ አትጀምሩ፦ ለኢንፍራሬድ ስፔክትሮግራፍ ብርሃን በታኝ ከመንደፍ ያገኘሁት ልምድ

ለቴሌስኮፕ የሚሠራ የኢንፍራሬድ ስፔክትሮግራፍ ውስጥ ብዙ ዕቃ አለ። መስታወት አለ፣ ሌንስ አለ፣ ፊልተር፣ ዲቴክተር፣ ማቀዝቀዣ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጓጓው ግን ብርሃኑን በየሞገድ ርዝመቱ የሚዘረዝረውን ዕቃ ለመንደፍ ነው። ግሬቲንጉን (ጥቃቅን ትይዩ ጭረቶች ያሉበትን ገጽ)፣ ፕሪዝሙን ወይም ሁለቱ የተዳበሉበትን ግሪዝም። አይፈረድም፤ የሥራው ውበት እዚያ ነው። የእኔም እንጀራ ይኸው ነው።

ይህን የምጽፈው በሚታየው ብርሃን ሠርተው ወደ ኢንፍራሬድ ለሚሻገሩ መሐንዲሶችና ለጀማሪ ተማሪዎች ነው። ልምዴ የሚለኝ አንድ ነገር አለ፦ ግሬቲንጉ የሚወሰነው መጨረሻ ላይ ነው። ስሊቱ (ብርሃኑ የሚገባበት ጠባብ ቀዳዳ)፣ ቴሌስኮፑ፣ ዲቴክተሩ፣ ቅዝቃዜውና ሠሪው ድርሻ ድርሻቸውን ከወሰዱ በኋላ የሚተርፍላችሁ ምርጫ ጠባብ ነው። ያቺን ጠባብ ምርጫ ቶሎ ያገኛት ሰው በሶፍትዌር ፊት ተቀምጦ የሚያባክነው ጊዜ ይቀንስለታል።

ከጥያቄው እንነሳ። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹን «ስንት የመለየት አቅም ትፈልጋላችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «100,000» ነው የሚሏችሁ። ነፃ ነገር ማን ይጠላል? (የመለየት አቅም ማለት የሞገድ ርዝመቱን ልንለየው ለምንችለው ትንሹ ልዩነት ስናካፍል የሚመጣው ቁጥር ነው።) ይልቅ «የትኛውን መስመር ከየትኛው ነጥላችሁ ማየት ነው የምትፈልጉት?» በሏቸው (መስመር ማለት አንድ ንጥረ ነገር በተወሰነ የሞገድ ርዝመት የሚተወው አሻራ ነው)። የሞለኪውላዊ ሃይድሮጅንን የ2.12 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር ሺህኛ ነው) መስመር አለ ወይስ የለም ለማለት ብቻ ከሆነ ጥቂት ሺህ ይበቃል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀዝቃዛ ኮከቦች ላይ ከ2.29 ማይክሮን ጀምሮ የሚደረድራቸውን ጥቅጥቅ ያሉ መስመሮች አንድ በአንድ መለየት ከሆነ ግን አሥር ሺዎቹ ውስጥ መግባት ግድ ነው።

በጄና በኤች ባንድ (1.25 እና 1.65 ማይክሮን አካባቢ ባሉት ክልሎች) ሌላ ጣጣ አለ። ሰማዩ ራሱ ያበራል። ከባቢ አየሩ ላይ ከፍ ብሎ የሚገኘው ኦኤች፣ ማለትም የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥምር፣ ሌሊቱን በቀጫጭን ብሩህ መስመሮች ይሞላዋል። የመለየት አቅማችሁ ከ3,000 ወይም ከ4,000 በላይ ከሆነ በመስመሮቹ መሃል ጨለማ ክፍተት ታገኛላችሁ። ከዚያ ካነሰ ሁሉም ተቀላቅሎ ደካማዋን ጋላክሲ ይውጣታል። ስለዚህ አንዳንዴ የመለየት አቅሙን የሚወስነው ኮከቡ ሳይሆን ሰማዩ ነው። ይህን ከሚታየው ብርሃን የመጣ ሰው ቶሎ አይገነዘበውም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ብዙ ሰው የግሬቲንግ የመለየት አቅም የሚመጣው ከጭረቶቹ ብዛት ብቻ ይመስለዋል። ስሊቱ ሰፊ ሲሆን ግን ነገሩ እንዲያ አይደለም። ሰማይ ላይ አንድ አርክ ሰከንድ (የዲግሪ 1/3600) የምታህል ስሊት ከተጠቀማችሁ፣ የመለየት አቅሙ በግምት ይህ ነው፦ የጨረሩ ስፋት ሲባዛ በግሬቲንጉ ማዘንበያ ማዕዘን ታንጀንት፣ ሲባዛ በ2፣ ሲካፈል ለስሊቱ ማዕዘንና ለቴሌስኮፑ ስፋት ብዜት። ጭረቶቹ ስንት እንደሆኑ ቀመሩ ውስጥ የሉም። ቴሌስኮፑ በገዘፈ ቁጥር ግሬቲንጉም አብሮ መግዘፍ አለበት ማለት ነው። ይህ ደግሞ ክራዮስታት የሚባለው የቫኪዩም ማቀዝቀዣ ውስጥ ለሚገባ ዕቃ መርዶ ነው። ሁሉም ነገር በቫኪዩም ውስጥ መቀዝቀዝ ስላለበት መጠኑ ሲያድግ ወጪውም ክብደቱም አብሮ ይንራል።

እዚህ ላይ ነው የኢመርሽን ግሬቲንግ ሐሳብ የሚገባው። ብርሃኑ ጭረቶቹን የሚያገኛቸው ከአየር በኩል ሳይሆን ከጠጣሩ ዕቃ ውስጥ ሆኖ ነው። ጠጣር ውስጥ የሞገድ ርዝመቱ በኢንዴክሱ (ዕቃው ብርሃንን ስንት እጥፍ እንደሚያዘገይ በሚናገረው ቁጥር) ልክ ያጥራል። የሲሊከን ኢንዴክስ 3.4 ገደማ ነው። ስለዚህ ያው የመለየት አቅም በ3.4 እጥፍ ባነሰ ጨረር ይገኛል። በሦስቱም አቅጣጫ ካሰባችሁት ይዘቱ ወደ 40 እጥፍ ይቀንሳል።

በቁጥር እንየው። ቴሌስኮፑ 2.7 ሜትር ይሁን። ስሊቱ 1 አርክ ሰከንድ፣ ጨረሩ 25 ሚሊሜትር፣ የማዘንበያው ታንጀንት 3፣ ማለትም 71.6 ዲግሪ። ተራ ግሬቲንግ ከሆነ የሚገኘው 11,000 ገደማ ነው። ሲሊከን ውስጥ ከሆነ 39,000 ይደርሳል። ቁጥሮቹን ከአየር ላይ አልቀጠፍኳቸውም። አይግሪንስ የሚባለው ስፔክትሮግራፍ በዚሁ ዓይነት ስሌት የተሠራ ነው። በ2014 በቴክሳስ ማክዶናልድ ኦብዘርቫቶሪ 2.7 ሜትር ቴሌስኮፕ ላይ ተገጥሞ ኤችና ኬ ባንድን (ኬ 2.2 ማይክሮን አካባቢ ነው) በአንድ ጊዜ 45,000 በሆነ የመለየት አቅም ማየት ጀመረ። ስፋቱ 25 ሚሊሜትር በሆነ ጨረር! ሃዋይ ማውና ኬያ ላይ ያለው አይሼልም የሲሊከን ኢመርሽን ግሬቲንግ ተጠቃሚ ነው። እየተገነባ ላለው ባለ39 ሜትሩ የአውሮፓ ቴሌስኮፕ የሚሠራው ሜቲስም ከ3 እስከ 5 ማይክሮን ባለው ክልል 100,000 የሚደርሰው በዚሁ መንገድ ነው።

ስለ ሜቲስ ካነሳን አይቀር፣ ትልቅ ቴሌስኮፕ ላይ አዳፕቲቭ ኦፕቲክስ (የከባቢ አየሩን መንቀጥቀጥ የሚያርም መስታወት) ሲኖር ሒሳቡ ይቀላል። ስሊቱ እስከ ቴሌስኮፑ የዲፍራክሽን ወሰን፣ ማለትም ሊያሳየው እስከሚችለው ትንሹ ዝርዝር ድረስ ይጠባል። ያኔ የቴሌስኮፑ ስፋት ከቀመሩ ይወጣል፤ የሚቀረው ብርሃኑ ግሬቲንጉ ላይ የሚጓዘው የመንገድ ልዩነት ብቻ ነው። በ4.7 ማይክሮን 100,000 ለማግኘት ሲሊከን ውስጥ 7 ሴንቲሜትር ገደማ ጥልቀት ይበቃል። በአየር ከሆነ 23 ሴንቲሜትር ተኩል ነው።

የጭረቶቹ ብዛት መቼ ይመጣል ካላችሁ፣ ዲቴክተሩ ሲመጣ ነው። ከፍተኛ ኦርደር ላይ (ኦርደር ማለት ከጎን ለጎን ጭረቶች የሚመለሱት ጨረሮች በመንገድ የሚለያዩበት የሞገድ ርዝመት ብዛት ነው) ስትሠሩ ስፔክትረሙ ተቆራርጦ ይደራረባል። ሁለተኛ በታኝ ደግሞ ቁርጥራጮቹን እንደ መስመር ጽሑፍ አንዱን ከአንዱ በታች ያደርጋቸዋል። የአንዱ ቁራጭ ርዝመት የሞገድ ርዝመቱ ለኦርደሩ ቁጥር ሲካፈል ነው። በ2.2 ማይክሮን 80ኛው ኦርደር ላይ ከሆናችሁ 0.0275 ማይክሮን ይሆናል። ዲቴክተራችሁ 2048 ፒክስል ስፋት ካለውና ለእያንዳንዱ ትንሹ ልዩነት 3 ፒክስል ከመደባችሁ፣ በ45,000 የመለየት አቅም 0.033 ማይክሮን ያህል ይይዛል። ቁራጩ ይገባል፣ ትንሽ ትርፍም አለው። ከዚያ ወደ ኋላ ስታሰሉ በጭረት መካከል ያለው ርቀት 27 ማይክሮን ገደማ ይወጣል፤ በሚሊሜትር 37 ጭረት ያህል። አያችሁ? የጭረቱን ቁጥር ያወጣው ዲቴክተሩ ነው። ጭረቶቹን አጥብቃችሁ በሚሊሜትር 100 ብታደርጓቸው ኦርደሩ ይረዝምና ጫፍ ጫፉ ከዲቴክተሩ ውጭ ይቀራል።

ስለ ግሪዝም ደግሞ ትንሽ። ግሪዝም የሚወደደው ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ስለሚያልፍበት ነው። ፊልተር የሚሽከረከርበት ጎማ ላይ ታስቀምጡታላችሁ፤ ሲፈለግ ይገባል፣ ሳይፈለግ ይወጣል፤ ካሜራው ወዲያው ስፔክትሮግራፍ ይሆናል። የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ኒርካም ካሜራ ከ2.4 እስከ 5 ማይክሮን የሚጠቀምባቸው ግሪዝሞች ከሲሊከን የተሠሩ ናቸው፤ በ4 ማይክሮን አካባቢ 1,600 ያህል የመለየት አቅም ይሰጣሉ። ግሪዝም ላይ የሚሠራው ግን ኢንዴክሱ ሳይሆን ከኢንዴክሱ ላይ 1 ሲቀነስ የሚተርፈው ነው። ሲሊከን 2.4 ይተርፈዋል። ካልሲየም ፍሎራይድ 0.42 ብቻ! በሚሊሜትር 192 ጭረት ያለው የሲሊከን ግሪዝም 2.2 ማይክሮንን ቀጥ አድርጎ ለማሳለፍ 10 ዲግሪ ማዕዘን ይበቃዋል። በካልሲየም ፍሎራይድ ያንኑ ልሥራ ብትሉ ማዕዘኑ ወደ 90 ዲግሪ ይጠጋል። ያ ደግሞ ግሪዝም አይባልም።

ሌሎችም ዕቃዎች አሉ። ጀርመኒየም ኢንዴክሱ 4 ነው፤ ከ2 ማይክሮን ወዲያ እስከ 10 ማይክሮን መስኮት ድረስ ጥሩ ነው። ዚንክ ሰሌናይድ 2.4 ነው፤ ሰፊ ክልል ያሳልፋል። ኬአርኤስ-5 የሚባለው የታሊየም ጨውም አለ። በቀጥታ ሊጫር ይችላል፣ ግን ለስላሳና መርዛማ ነው፤ ያለ ጓንት አይነካም። በጄ፣ በኤችና በኬ ባንድ ደግሞ ከጄላቲን የሚሠሩት ቪፒኤች ግሬቲንጎች (በላያቸው ጭረት ፋንታ ውስጣቸው ኢንዴክሱ የሚለዋወጥ) አሪፍ ናቸው። አይግሪንስ ራሱ ኦርደሮቹን የሚለያየው በእነሱ ነው።

ከካታሎግ ስለሚገዙት ግሬቲንጎች አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጣችሁ። ብዙዎቹ የሚባዙት ከዋናው ሻጋታ ላይ ረዚን በማተም ነው። ረዚን ኦርጋኒክ ነገር ነው፤ ውስጡ ያለው የካርቦንና የሃይድሮጅን ትስስር 3.4 ማይክሮን አካባቢ ብርሃን ይመጥጣል። ብርሃን ለሚያንጸባርቅ ግሬቲንግ ችግር የለውም፤ ላዩ በብረት ተሸፍኗል። ብርሃን ለሚያሳልፍ ግን ችግር ነው። አንድ አቅራቢ እስከ 4 ማይክሮን ይሠራል ብሎ የሰጠን ግሪዝም ስንለካው ልክ እዚያው ላይ ጉድጓድ አወጣ። የካታሎጉ ኩርባ የሚያቆመው 2.5 ላይ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የሻጩ ቃል ብቻ ነው። ስትገዙ «እስከምትሉት ድረስ የተለካበትን ኩርባ አሳዩኝ» በሉ።

ወደ ሲሊከን ልመለስ፤ አሠራሩ ደስ ይለኛል። ማንም በአልማዝ አይጭረውም። ሥራውን የሚሠራው ክሪስታሉ ራሱ ነው። እንጨት በርዝመቱ ቶሎ እንደሚፈለጥ ሁሉ፣ የሲሊከን ክሪስታልም በአንዳንድ አቅጣጫ ቶሎ ይበላል፣ በአንዳንዱ እምቢ ይላል። ትኩስ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ሲነከር አንድ የክሪስታል ገጽታ እጅግ በዝግታ ነው የሚበላው። ይህ ገጽታ እጅግ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፤ እሱን ነው የጭረቱ መስታወት የምናደርገው። ሁለት እንዲህ ዓይነት ገጽታዎች ሲገናኙ 70.5 ዲግሪ ይሠራሉ። ይህን መለወጥ አይቻልም። መለወጥ የሚቻለው ክሪስታሉን ከግንዱ ላይ የምትቆርጡበትን ማዕዘን ነው፤ የብሌዝ ማዕዘናችሁ (የጭረቱ መስታወት የሚያዘነብልበት ማዕዘን) የሚመጣው ከዚያ ነው።

ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል። በኤክስሬይ አቅጣጫው ተለክቶ የተቆረጠ ወፍራም ሲሊከን ይለሰልሳል። ላዩ ላይ የሲሊከን ናይትራይድ ስስ ሽፋን ይደረጋል። በላዩ ብርሃን የሚቀርጸው ሬዚስት ይቀባል፣ መስመሮቹ በጭምብል በኩል በአልትራቫዮሌት ይታተማሉ። ፕላዝማ የተገለጠውን ናይትራይድ ይጠርጋል፤ ከዚያ ወደ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይዱ። በመጨረሻ ተቆርጦ ፕሪዝም ይሆናል፣ የብርሃኑ መግቢያ ፊት ይለሰልሳል፣ የጭረቱ ፊት በአሉሚኒየም ይሸፈናል። ለዓይን የማትታይ የአቧራ ቅንጣት ጭምብሉንና ሲሊከኑን ካራራቀች የመስመሩ ውፍረት እዚያ ቦታ ይለወጣል። ጭምብሉ ከክሪስታሉ አቅጣጫ ጥቂት ካዘነበለ ደግሞ ጭረቱ ላይ ትንንሽ ደረጃዎች ይወጣሉ። ደረጃዎቹ ብርሃን ይረጫሉ። ስለዚህ ለሠሪው የምትሰጡት ዝርዝር ላይ የማዘንበሉን ወሰን ጻፉ፤ «ጥሩ አድርጉት» አይበቃም።

ትክክለኛነቱ ላይ ሲሊከን ምሕረት የለውም። ጥቅሙን የሰጣችሁ ኢንዴክስ ስህተታችሁንም ያባዛል። አንድ ጭረት ከቦታው 10 ናኖሜትር ቢንሸራተት የብርሃኑ መንገድ በ65 ናኖሜትር ይዛባል። ስህተቱ እየተደጋገመ የሚመጣ ከሆነ ጎስት የምንላቸው የውሸት መስመሮች ይወጣሉ። የድሮ ታሪክ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሄንሪ ሮውላንድ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ግሬቲንግ ሲጭር የመጫሪያው ብሎን ጉድለት ያወጣቸው መስመሮች እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራሉ። ዛሬ ብሎን የለም፤ ጭምብሉን የሚጽፈው ማሽን ግን ቁራጭ በቁራጭ ስለሚጽፍ መገጣጠሚያው ላይ ያው በሽታ ይመለሳል። የጎስቱ ብርታት በስህተቱ ካሬ ነው የሚያድገው። ስህተቱ እጥፍ ሲሆን ጎስቱ አራት እጥፍ ነው።

ላብራቶሪ ውስጥም ሲሊከን ያስቸግራል። ከ1.1 ማይክሮን በታች ብርሃን አያሳልፍም፤ ለዓይን ግራጫ ብረት ነው የሚመስለው። በቀይ ሌዘር አሰላለፍ የለመደ ሰው እጁ ይታሰራል። እኔ 1.55 ማይክሮን ሌዘርና ለእሱ የሚሆን የኢንዲየም ጋሊየም አርሰናይድ ካሜራ እጠቀማለሁ። የቴሌኮም ፋይበር ዕቃ ስለሆነ በቀላሉ ይገኛል። የጭረቱን ገጽ ከአየር በኩል በቀይ ኢንተርፌሮሜትር (ገጽን በብርሃን በሚለካ መሣሪያ) ስትለኩት ውጤቱ ቢያምርም አትቸኩሉ። ብርሃኑ ሲሊከን ውስጥ ሲሆን ስህተቱ በ3.4 ይባዛል።

ከዚህ በላይ ሰው የሚዘነጋው ቅዝቃዜውን ነው። ከ2.3 ማይክሮን ወዲያ ሞቃት ዕቃ ሁሉ ያበራል። ስለዚህ መሣሪያው 100 ኬልቪን አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ይሠራል። ሲሊከን ከክፍል ሙቀት ወደዚያ ሲወርድ ኢንዴክሱ 1 በመቶ ሊጠጋ በሚችል መጠን ይቀንሳል። ትንሽ ይመስላል? በ2.2 ማይክሮን 1 በመቶ ማለት 0.022 ማይክሮን ነው። ከላይ ያሰላናት የኦርደር ርዝመት ደግሞ 0.0275 ናት። በክፍል ሙቀት ኢንዴክስ ከነደፋችሁ ስፔክትረሙ አንድ ሙሉ ኦርደር ሊያህል ትንሽ ሲቀረው ይንሸራተታል። የኦርደሩ መሃል መሆን የነበረበት መስመር ከቦታው ይሸሻል። የናሳ ጎዳርድ ማዕከል ሲሊከንን፣ ጀርመኒየምንና ዚንክ ሰሌናይድን በቀዝቃዛ ሙቀት ለክቶ ያወጣው መረጃ አለ፤ ሶፍትዌሩ ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚመጣውን ትታችሁ እሱን አስገቡ።

አያያዙም እንዲሁ ነው። አሉሚኒየም እስከ ፈሳሽ ናይትሮጅን ሙቀት ሲቀዘቅዝ 0.4 በመቶ ይኮማተራል። 10 ሴንቲሜትር የሆነ መያዣ 0.4 ሚሊሜትር ያጥራል ማለት ነው፤ ሲሊከኑ ግን ምንም አይል። ጥብቅ አድርጋችሁ ካሰራችሁት ወይ ይሰነጠቃል ወይ ይጣመማል። በሦስት ነጥብ ላይ አስቀምጡት፣ ከላይ በስፕሪንግ ጫኑት፣ ሙጫ በተቻለ መጠን ራቁ። ካልሲየም ፍሎራይድ ደግሞ ብዙ ይኮማተራል፣ ድንገተኛ ቅዝቃዜም አይወድም። እሱን ቀስ አድርጋችሁ አቀዝቅዙት፤ ክራዮስታቱን ለማፍጠን የሚጎተጉት አለቃ ቢኖርም።

ሽፋኑን አትርሱ። ያልተቀባ ሲሊከን በእያንዳንዱ ገጽ 30 በመቶ ብርሃን ይመልሳል፤ ጀርመኒየም 36። ኢመርሽን ግሬቲንግ ላይ ብርሃኑ በመግቢያው ፊት ሁለት ጊዜ ያልፋል። ያለ ፀረ-ነጸብራቅ ሽፋን ግማሹን እዚያው ትከፍላላችሁ። ሽፋን ካለም በኋላ የሚተርፈው ጥቂት ነጸብራቅ ቀጥታ ወደ ካሜራው ሊሄድ ይችላል። የመግቢያውን ፊት በዲግሪ ወይም ከዚያ ባነሰ አዘንብሉት፤ ነጸብራቁ ወደ ጎን ይሄድና ጥቁር ቀለም ላይ ይሞታል። ማዘንበሉ ራሱ ትንሽ የፕሪዝም ብተና ይጨምራል፤ ሞዴሉ ውስጥ ካስገባችሁት ችግር አይሆንም።

ለሠሪው ዝርዝር ስትልኩ ጥቂት ነገሮች ይግቡ። የሚሠራበት ሙቀትና ቫኪዩም። ቅልጥፍናው በሁለቱም ፖላራይዜሽን (የብርሃኑ ንዝረት አቅጣጫ) እንዲለካ፤ በተለይ ጭረቱ ከሞገዱ ብዙ በማይበልጥበት ጊዜ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ከዋናው ጋር አብራ የምትሠራ የናሙና ቁራጭ፤ ሽፋኑ በቅዝቃዜ ይላጥ እንደሆን የምትፈተነው እሷ ናት። አንድ ተጨማሪ ደግሞ፦ የብሌዙን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት ጎኑ ላይ ይቀረጽ። ግራጫ ብረት የሚመስል ፕሪዝም በጓንት ይዛችሁ የትኛው ወገን ወደ ኮሊሜተሩ (ጨረሩን ትይዩ ወደሚያደርገው ዕቃ) እንደሚዞር በዓይን መለየት አይቻልም፤ ክራዮስታቱ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ ማንም ዳግም ሊከፍተው አይፈልግም።